ከሽቦው ማዶ ያለው ሰውዬ

ቅናት ጡረታ የሚወጣ ይመስላችኋል? እኔ ይመስለኝ ነበር። ፀጉር ሲሸብት፣ ጉልበት ሲደክም፣ እሱም መታወቂያውን መልሶ ቤቱ የሚቀመጥ ይመስለኝ ነበር። ለካ እንደ አንዳንድ ሹሞች በገዛ ፈቃዱ ወንበር አይለቅም።

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ቤት አለኝ። ዛሬ ሰው ሁሉ ራሱን በስልኩ ስለሚያነሣ፣ እኔ ሥራ ስፈታ አሮጌ ፊልም ማደስ ጀመርሁ። ባለፈው ክረምት አንድ መሥሪያ ቤት መጋዘኑን ሲያጸዳ ሊጥላቸው የነበሩ የፊልም ጥቅሎች ሰጠኝ። ድሮ ለሠራተኞቹ ማስተማሪያ ያስቀረጻቸው ናቸው፤ ትምህርቱ የስልክ አነጋገር ነው። አዎ፣ ስልክ ማንሣት ትምህርት ነበር። ማስቲካ እያኘካችሁ አታውሩ፣ ፈገግ ብላችሁ ተናገሩ፣ ፈገግታ በሽቦ ውስጥ ይሄዳል ይላል ተራኪው። በቅርቡ ቢሮ ደውላችሁ ከሆነ፣ እኔ የምጨምረው የለኝም።

ፊልሙን በለስላሳ ጨርቅ ጠርጌ፣ ኮምፒውተር ላይ ገልብጬ ጭረቱን ሳጠፋ፣ ከጭረቱ ሥር አንዲት ቆንጆ ጸሐፊ ብቅ አለች። አንገቷን ሰበር አድርጋ ስልኩን አነሣችና፣ “ጤና ይስጥልኝ፤ ማን ልበል?” አለች።

አስቴር ናት። ባለቤቴ።

ከመጋባታችን በፊት እዚያ መሥሪያ ቤት ትሠራ እንደነበር አውቃለሁ። ፊልም ላይ መውጣቷን ግን አልነገረችኝም። ብጠይቃት፣ ቀርጸውን ነበር፣ አሳይተውን ስለማያውቁ ረሳሁት አለችኝ። እሺ፣ መርሳቷን ልመን። ከሽቦው ማዶ ያለውን ሰውዬስ ምን ላድርገው? ደጀኔ የሚባል የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ነበር አሉ። በፊልሙ ላይ ባለጉዳይ መስሎ ይደውላል። ድምፁ ወፍራም ነው፤ የረጋ ነው። እሷ ደግሞ “እባክዎ፣ አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ” ስትለው፣ እንኳን አንድ ጊዜ ዕድሜ ልክ ያስጠብቃል። እኔን በትዳር ዘመናችን ሁሉ በዚያ ድምፅ ጠብቀኝ ያለችበትን ቀን አላስታውስም።

ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? የእሷን ድምፅ እንደ ምንጭ ውሃ አጠራሁት፤ የእሱን ከነኩሽኩሽታው ተውሁት። እውነቱን ለመናገር፣ ኩሽኩሽታም ትንሽ ጨመርሁበት። ከዚያ የአስቴርን ስምና የፎቶ ቤቱን ስልክ ቁጥር ጽፌበት በኢንተርኔት ለቀቅሁት። ቅርስን ለትውልድ ማስተላለፍ ማለት ይኼ ነው።

ሕዝቡ ግን ስለ ሰውዬው ይጽፍ ጀመር። ከሩቅ የሚመጣው ድምፅ ሆድ ያባባል አሉ። ማን ይሆን፣ የት ደርሶ ይሆን አሉ። ያ ሁሉ ኩሽኩሽታ ግርማ ሆነለት።

ብዙ ሳይቆይ የፎቶ ቤቱ ስልክ ጮኸ። ከአምባ ጊዮርጊስ፣ አቶ ደጀኔ ነኝ አሉ። አረጋዊ ሆነዋል፤ አንቱ ማለትም ግድ ሆነብኝ። አስቴርን ጠየቁኝ። አጠገቤ ነበረች፤ ሰጠኋት፣ ከመስጠት በቀር ምን አማራጭ ነበረኝ? ጆሮዬን አስጠግቼ ግን አዳመጥሁ። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ሰውዬው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ባለቤታቸው በቅርቡ ማረፏን ነገሯት። በሕይወት ሳለች፣ የወደድሁት ድምፅህን ነው ትላቸው ነበር። አሁን ለልጅ ልጆቻቸው ሊያሰሙት ፊልሙን ቢከፍቱት ቃሉ በኩሽኩሽታ ተውጦ አይለይም።

“ምነው፣ ያን ጊዜም ድምፄ እንዲህ የተበላሸ ነበር?” አሏት።

አስቴር ዞራ አየችኝ። ዓይኔን ካሜራው ላይ ተከልሁ።

“የእርስዎስ ድምፅ ሸጋ ነበር፤ የአዳሹ ጆሮ ነው ትንሽ የታመመው” አለቻቸው።

ስልኩን ስትዘጋ አልተቆጣችም። ከመቆጣቷ ይልቅ አለመቆጣቷ ከበደኝ። የዚያኑ ዕለት ቁጭ ብዬ የሰውዬውን ድምፅ ቃል በቃል አጸዳሁት። እንዴት ያምር እንደነበር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እያንዳንዷን ቃል እየቀናሁ ነው ያጠራኋት። ሲደርሳቸው ደውለው መረቁኝ። ምርቃቱም በዚያው ድምፅ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አዲሱን ቅጂ ያየ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ሁለቱ አንጋፎች ወጣት ሠራተኞቻችንን የስልክ አነጋገር ያስተምሩልን፣ ትምህርቱም ይቀረጽ አለ። አቶ ደጀኔ ኮታቸውን ለብሰው መጡ፤ አስቴር ፀጉሯን ተሠርታ መጣች። አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ሲሣሣቁ፣ ካሜራው ሁለቱንም አንድ ላይ አልይዝ አለ። ቀራጩ ደግሞ ሌላ ማን ይሆናል?

“ትንሽ ተጠጋጉ” አልኋቸው።