ዘፈን የማያስጨርሰው ቀናው

በየከተማው ዘፈን አስጨርሶ የማያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ሙዚቃ ጠልቶ አይደለም፤ እንደ እሱ የሚወድም የለም። ችግሩ እሱ የሚሰማው ዘፈኑን ሳይሆን ድምፁን መሆኑ ነው። ዘፋኙ ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ የሰውየው እጅ ወደ ቁልፉ ሄዷል። ጅጅጋ ላይ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ቀናው ወልደሥላሴ ናቸው፤ የአንዲት ነጭ ኮሮላ ባለቤት፣ የኮንትራት ታክሲ ሹፌር፣ በገዛ ፈቃዳቸው የድምፅ ሚኒስትር።

"ቆይ፣ አንድ ነገር ይሰማኛል።"

ይህችን ቃል ሳይሰማ ከዚያ መኪና የወረደ ተሳፋሪ የለም። ቀናው ይህን ካለ መኪናዋ ዳር ትይዛለች፣ ዘፈኑ ይቆረጣል፣ እሱ ወርዶ በሩ ላይ ጆሮውን ይለጥፋል። ሆስፒታል የሚቸኩል ሰው ይኑር፣ መሥሪያ ቤት የረፈደበት ይኑር፣ ግድ የለውም።

ከሁሉ የባሰባት ግን ሶሲና ናት፤ ፋርማሲ የምትሠራው እጮኛው። አብራው በቆየችባቸው ዓመታት የስንቱን ዘፈን መግቢያ በቃሏ ይዛለች፤ የአንዱንም መጨረሻ አታውቅም።

በሽታው የጀመረው ቶጎ ውጫሌ፣ ሀናድ የሚባል ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ነው። እኛ አገር ዕቃ የሚገዛው በእጅ ተመዝኖ ነው፤ ከከበደ ጥሩ ነው ይባላል። ቀናውም አንዱን አምፕሊፋየር አነሳ፣ ከበደው፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን የዋት ቁጥር አየ። ቁጥሩ ከተማ የሚያበራ ነበር። ይዞት መጣና ገጠመው። ያን ቀን ማምሻውን ቤዙ ድም ባለ ቁጥር የመኪናዋ የፊት መብራት ጥቅሻ ጀመረ። ከፊት የሚመጡ ሾፌሮች ሰላም ያላቸው መስሏቸው መብራታቸውን እያበሩና እያጠፉ መለሱለት። እግዜር ይስጣቸው፣ አንዱም አልቀረም።

ቀናው ለአቤቱታ ሱቁ ሲመለስ ሀናድ ብዙም አልተጨነቀ። "ወላሂ ቀናው፣ አንተ የገዛኸው ዕቃውን አይደለም፤ ጽሑፉን ነው" አለው።

ያቺ ንግግር ቀናውን አጠፋችው። ከዚያ ወዲያ ጠየቀ፣ አነበበ፣ የስልኩን ዳታ በቪዲዮ ጨረሰ። አምፕሊፋየሩ፣ ስፒከሩና ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ሳብዉፈር አቅማቸው ተመጣጥኖ ካልተጋጠሙ ድምፅ የሚባል ነገር እንደሌለ ተረዳ፤ መረዳቱ ጥሩ ነበር፣ ለራሱ ቢይዘው ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነበር። አንድ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ፣ "ስፒከር የሚያቃጥለው ጉልበታም አምፕሊፋየር እንዳይመስላችሁ፤ ደካማው ነው፣ ከአቅሙ በላይ ሲጮህ" ብሎ ጀመረ። ለቀስተኞቹ ስለ ሟቹ የሚናገር መስሏቸው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሳብዉፈሩን ፍለጋ ደግሞ ሽንሌ ድረስ ሄደ። ሲመለስ ሶሲና መንገድ ላይ ቆማ ጠበቀችው። የፊት ወንበር ተይዟል፤ ሳብዉፈሩ ቀበቶ ታስሮለት ተቀምጧል። እሷ ከኋላ ገባች። ያን ቀን እስከ ቤቷ ድረስ አላናገረችውም፤ እሱም አለማናገሯን አላወቀም።

አንድ ጊዜ ብቻ ውጫሌ አብራው ወርዳለች። ሀናድ የሆነ ነገር ቀልዶ ሳቀች። ሳቋ ጎርናና ነው፤ ስለምታፍርበት ከልጅነቷ ጀምሮ የምትስቀው እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነው። ሀናድ ይህን ሳቅ ሲሰማ ከዕቃው ላይ ቀና ብሎ የት እንደሚያውቃት ጠየቃት። የትም አያውቃትም። ቀናው ደግሞ ምን እንደነካው እንጃ፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ወደ ውጭ ወጣ።

ታዲያ ቀናው በመጪው እሑድ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑ ሲሰማ የሶሲና እናት ወይዘሮ ንጋቷ ልጃቸውን አስቀመጧት።

"ልጄ፣ አንድ ዘፈን በሰላም የማያስጨርስ ሰው አንቺን በሰላም ያኖራል ብለሽ ነው? ነገ ወጥሽን ሊያስተካክል ይነሳል። ከነገ ወዲያ ሳቅሽን።"

ሳቋን ሲሏት እጇ ወደ አፏ ሄደ። ወጡስ ይሁን። ሲያስተካክል የሚኖር ሰው ጋ ገብታ፣ ዕድሜ ልኳን አፏን ይዛ ልትስቅ ነው? በማግሥቱ ለቀናው ቁርጡን ነገረችው። ወደ ካራማራ አንዴ ይወስዳታል፣ አንድ ዘፈን ይከፍታል፣ እስከ መጨረሻው አይነካውም። ከነካው ሽማግሌዎቹ እንዳይለፉ።

ቀናው እንደ ወታደር ቆሞ ሰማት። "አልነካውም" አለ። ሲል ግን ላብ አሳብቆበታል።

ወጡ። ረጅም የድሮ ዘፈን መርጣ ከፈተች። መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር፤ እንዲያውም ደስ ይል ነበር፣ ዘፋኙ አጠገባቸው የተቀመጠ ይመስላል። ዳገቱን ሲይዙ ቤዙ ገባ። ያኔ ከኋላ በኩል ዝርርር የሚል ነገር መጣ። ቀናው ሰማው። ሶሲና መስማቱን አየች፤ አንገቱ ደነደነ፣ ጣቶቹ መሪው ላይ ነጡ። ቤዙ በመጣ ቁጥር ዝርርር ይላል፣ ቀናውም ዝርርር ባለ ቁጥር አንድ ነገር ይውጣል። እጁ ግን ከመሪው አልተነሳም። አንጀቷን በላት፤ እንደዚያም ሆኖ አልለቀቀችውም፣ ዋናው ጥያቄ ገና ነበራ።

"ቀናው፣ ዕቃው እኔ ብሆንስ? ከእኔ ምኔን ታስተካክል ነበር?"

"ከአንቺ?" ግራ ገባው። "ምንሽን?"

"ሳቄን ለምሳሌ።"

ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል በቀስታ ተናገረ። "በቴሌግራም የላክሽልኝ ድምፅ አለ፣ የሳቅሽበት። ስፒከር ስፈትሽ መጀመሪያ የምከፍተው እሱን ነው። ያንቺ ሳቅ ልክ እንደ ራስሽ ሆኖ ካልወጣ ዕቃውን አልገዛም። ሀናድን ጠይቂው፣ ሰልችቶታል።"

ሶሲና ሳቀች። እጇ ጭኗ ላይ ነበር፣ እዚያው ቀረ። ያ ጎርናና ሳቅ መኪናዋን ሞላው፤ ቀናውም ለመጀመሪያ ጊዜ ዝርርሩን ረሳ።

እሷ ግን አልረሳችም። ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣል አደረገች፣ ፊቷን አጨማደደች፣ እጇን ዘርግታ ዘፈኑን አጠፋችው።

"ቆይ፣ አንድ ነገር ይሰማኛል።"

ዳር ይዘው ወረዱ። ታርጋው ላልቶ ነው። እሷ ይዛለት እሱ ቁራጭ የጎማ ካሌማዳሪ ወተፈበት፤ ከዚያ እንደገና ከፈቱና ሌላ ነገር ተሰማቸው።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ወይዘሮ ንጋቷ ልጃቸውን ወደ ጓዳ ጠርተው ዘፈኑ ማለቁን ጠየቁ። ሶሲና እሷው እንዳቋረጠችው ነገረቻቸው። እናትየዋ ትንሽ አዩዋት፣ ነጠላቸውን አስተካከሉና ሽማግሌዎቹ ወዳሉበት ወጡ።

ይኸው ከተጋቡ ሰንብተዋል። ያ ዘፈን መጨረሻው ምን እንደሚል ግን እስከ ዛሬ ሁለቱም አያውቁም።