ባለቤት የተገኘለት ደረጃ

የሰውን ሥራ የወረሰ ዕዳውንም አብሮ ይወርሳል። ይህን እውነት አባቶቻችን በብዙ ምሳሌ አስተምረውናል። እኛ ግን ምሳሌ ሲበዛብን እንቅልፍ የሚጥለን ትውልድ ስለሆንን፣ በቅርቡ በኮልፌ ቀራንዮ በአንድ ጽሕፈት ቤት የተፈጸመውን ነገር እንደ ሆነ ለአንባቢ ማቅረብ ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ጽሕፈት ቤቱን በስሙ አልጠራውም፤ ትሕትናው አይፈቅድልኝም።

የዚህ ጽሕፈት ቤት ኀላፊ አቶ ገብረአምላክ ይባላሉ። አርቆ አሳቢ ሰው ናቸው። ሌሎች ኀላፊዎች ሥራው ሲያልቅ ሪፖርት ይጽፋሉ። አቶ ገብረአምላክ ግን ሪፖርቱ ሲያልቅ ሥራውም ያኔ እንደሚያልቅ ቀድመው የተረዱ ናቸው። በዚህ ጥበባቸው ሦስት የምስጋና ምስክር ወረቀት ተቀብለዋል፤ ሦስቱም በመስታወት ተለብጠው ከመቀመጫቸው በላይ ተሰቅለዋል።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ከ18 ማዞሪያ ብዙም በማይርቅ አንድ መንደር ውስጥ ሰፊ መንገድ ገባ። ዳገቱ ለልማቱ አልመች ስላለ ተቆረጠ። መንገዱ ወደ ታች ወረደ፤ ቤቶቹ ግን ቀድሞ የነገራቸው ስላልነበረ በነበሩበት ቀሩ። እንዲህም ሆኖ ሰባት አባወራዎች ከአስፋልቱ ሦስት ሜትር ያህል ከፍ ብለው መኖር ጀመሩ። በራቸው እንደ ወትሮው ይከፈታል። ልዩነቱ፣ ከበሩ የሚወጣ ሰው ከፈለገው ፍጥነት በላይ አስፋልቱ ላይ መድረሱ ብቻ ነበር።

ከሰባቱ በአንደኛው ቤት አልፊያ የምትባል ልብስ ሰፊ ትኖራለች። ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በአንዲት የስፌት መኪና ነው። ደንበኞቿ መውጫ ሲያጡ፣ አልፊያ በገመድ ባልዲ አንጠልጥላ ጨርቁን ወደ ላይ መሳብ ጀመረች። ጨርቅስ በባልዲ ይወጣል፤ ልኬቱ ግን በጩኸት ካልሆነ የሚወጣበት መንገድ አልነበረም።

«ወገብ?» ትላለች አልፊያ ከላይ፣ ደብተሯን ይዛ።

«ሰባ ስምንት!» ትላለች ደንበኛዋ ከመንገዱ ላይ።

«ሰማንያ ስምንት ብለሽ ያዢው፣ አልፊ!» ይላል ከጎን የተቀመጠው ጫማ ጠጋኝ። «ኋላ በሰው ሠርግ ላይ እንዳይተረተርባት!»

«አንተ ማን ጠየቀህ?»

«ዐይኔ ነዋ!»

ታክሲ የሚጠብቀው ሕዝብ ሁሉ አስተያየቱን ይሰጣል፤ አንዳንዱም ድምፅ እንዲሰጥበት ይጠይቃል። የሕዝብ ተሳትፎ በዚህ መጠን የተረጋገጠበት ሌላ ሥራ በከተማችን መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሆኖም በሁለት ወር ውስጥ የአልፊያ ሴት ደንበኞች አለቁ። የቀሩት ሱሪ የሚያሳጥሩ ወንዶች ነበሩ፤ ሱሪ በማሳጠር ደግሞ ልጅ አያድግም።

አልፊያ ጎረቤቷን ሰርኬን ይዛ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። ሰርኬ በርበሬ ነጋዴ ናት፤ ምላሷም ከሸቀጧ አያንስም።

«ጌታዬ፣ ቤታችን ተንጠልጥሎ ቀረ» አለች አልፊያ።

አቶ ገብረአምላክ አንድ ዶሴ ገለጡ። «አልተንጠለጠለም። መንገዱ መቶ በመቶ ተጠናቋል።»

«መንገዱማ አለ። እኛ ያጣነው መውረጃ ነው።»

«መውረጃ ከሌለ መንገዱ መቶ በመቶ ሊሆን አይችልም። መንገዱ ደግሞ መቶ በመቶ ነው። ስለዚህ መውረጃ አለ።»

«ኧረ እባክዎ መጥተው በዐይንዎ ይዩት!»

«ወይዘሮ፣ እኔ ፈርሜበታለሁ። ከፈረምኩ በኋላ ሄዶ ማየት የራስን ፊርማ መጠርጠር ነው።»

ሰርኬ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለችም። «ታዲያ እኛ አሁን በምን ወርደን መጣን?»

«ይኸው! ወርዳችሁ መጥታችኋል!»

«በመሰላል ነዋ! ያውም በተዋስነው!»

«መልካም» አሉ አቶ ገብረአምላክ፤ መዝገባቸውንም ስበው «ምላሽ ያገኘ ጥያቄ» በሚለው ዐምድ ሥር «መሰላል» ብለው ጻፉ።

አልፊያ ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ተመላለሰች። በመጀመሪያ ጥያቄዋ በሂደት ላይ ነበር። ቀጥሎ በትኩረት እየታየ ነበር። በሦስተኛው ኀላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። በአራተኛው ስብሰባው ራሱ ስለ ተገልጋይ እርካታ ስለነበረ፣ ተገልጋይ እንዳይረብሸው በሩ ተቆልፎ ነበር።

ስድስተኛው ወር ሲጠባ የሰባቱ ቤት ሰዎች ተስፋ ቆረጡ። ተስፋ የቆረጠ ሕዝብ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም፤ እነዚህ ሥራ ጀመሩ። ጋሽ ሀምዱ የሚባሉ የሰባ ዓመት ግንበኛ ከጡረታቸው ተነሡ። መንገዱ ካፈረሰው አጥር የተረፈው ድንጋይ ተለቀመ። ሦስት እሑድ ሙሉ ትልቅ ትንሹ ተሸከመ።

«ውሃ አጠጡት እንጂ!» ይጮኻሉ ጋሽ ሀምዱ። «ይሰነጠቅብናል! የራሳችን ነው እኮ፣ የጨረታ አይደለም!»

ዐሥራ ሰባት ደረጃ ተሠራ። በማግስቱ አንዲት ሙሽራ ከነሚዜዎቿ ወጥታ የወገቧን ልክ በአልፊያ ጆሮ ሹክ አለች። ጫማ ጠጋኙ አንገቱን ቢያሰግግም ምንም አልሰማም።

ጽሕፈት ቤቱ ለስድስት ወራት መንደሩ የት እንደሆነ ማወቅ ተስኖት ነበር። ደረጃው ከተሠራ በኋላ ግን በሁለተኛው ቀን አገኘው። አቶ ገብረአምላክ አራት ደንብ አስከባሪዎችንና ሁለት መዶሻ አስከትለው መጡ።

«ይህ ሕገ ወጥ ግንባታ ነው» አሉ። «ይፈርሳል!»

አልፊያ እጇን ዘርግታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። መዶሻው ከፍ አለ። በዚህች ቅጽበት የአቶ ገብረአምላክ ስልክ ጠራ። የበላይ አካል ነበር፤ ምላሽ ካገኙት የነዋሪዎች ጥያቄዎች መካከል የአንዱን ፎቶግራፍ እስከ ሐሙስ እንዲልኩ አዘዘ። በመዝገብ ላይ ምላሽ ያገኙት ሦስት መቶ ዐሥራ አራት ነበሩ፤ ፎቶግራፍ ሊነሣ የሚችል ግን በመካከላቸው አልተገኘም። ኀላፊው ስልኩን ዘግተው ደረጃውን አዲስ በሆነ ዐይን ተመለከቱት።

«መዶሻውን አውርዱ» አሉ። «ወይዘሮ አልፊያ፣ ይህን ደረጃ ማን ሠራው?»

«እኛ ነና!»

«እናንተ ከሆናችሁ ይፈርሳል። ጽሕፈት ቤቱ ከሠራው ግን ልማት ነው።»

«ደረጃው ያው አይደለም እንዴ?» አለች ሰርኬ።

«ድንጋዩ ያው ነው። ፊርማው ይለያያል።»

ቃለ ጉባኤ ወዲያው ተጻፈ። ደረጃው በአቶ ገብረአምላክ ቀጥተኛ አመራር፣ በጽሕፈት ቤቱ ሙሉ አቅም መሠራቱን ሰባቱም አባወራዎች በፊርማቸው አረጋገጡ። ሰርኬ እያጉረመረመች፣ አልፊያ ግን በጥድፊያ ፈረመች። የእርሷ ጭንቀት ደረጃው መቆሙ እንጂ በማን ስም መቆሙ አልነበረም።

ረቡዕ ዕለት ምርቃት ሆነ። ድንኳን ተተከለ፣ ቀይ ሪባን ተወጠረ፣ ድምፅ ማጉያውም ጮኸ።

«ዛሬ የምናስመርቀው ዐሥራ ሰባት ድንጋይ አይደለም!» አሉ አቶ ገብረአምላክ። «ከዓለም አቀፍ ተሞክሮ የተቀመረ፣ ነዋሪውን ከታች ወደ ላይ፣ እንደ አስፈላጊነቱም ከላይ ወደ ታች የሚያሸጋግር ራእይ ነው! እኔ በግሌ ሌት ተቀን ድንጋይ ተሸክሜበታለሁ!»

ጭብጨባው ሲበርድ የጋሽ ሀምዱን የግንበኛ ማንኪያ ተውሰው ፎቶግራፍ ለመነሣት ጎንበስ አሉ።

«ጌታዬ፣ ገልብጠው ነው የያዙት» አሉ ጋሽ ሀምዱ።

«አባባ፣ እባክዎ ከፎቶው ይውጡልን» አላቸው ፎቶ አንሺው።

ፎቶግራፉ በጽሕፈት ቤቱ ገጽ ላይ ወጣ። በወሩ ሦስት ተቆጣጣሪዎች ሜትር ይዘው መጡ። አቶ ገብረአምላክ አራተኛው የምስክር ወረቀት የመጣ መስሏቸው ከረባታቸውን አጥብቀው ተቀበሏቸው።

«ይህን የሠራው ማን ነው?» አለ ዋናው ተቆጣጣሪ።

«እኔ ነኝ!»

«ዘጠና ሴንቲ ሜትር ወደ እግረኛ መንገዱ ገብቷል። ፕላኑ የታለ?»

አቶ ገብረአምላክ ከረባታቸውን አላሉ።

«ፈቃዱስ?»

«እንደ እውነቱ ከሆነ…» አሉ አቶ ገብረአምላክ፤ እንደ እውነቱ ለመናገር ልምዱ ስላልነበራቸው ትንሽ ተደናቀፉ። «የሠራው ሕዝቡ ነው።»

ተቆጣጣሪው ስልኩን አውጥቶ ፎቶግራፉን አሳያቸው። «እኚህ ማንኪያ ገልብጠው የያዙት ሰውዬ፣ ሕዝቡ ናቸው?»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አቶ ገብረአምላክ ዐሥራ ሰባቱን ደረጃ በእግራቸው ወጥተው ከአልፊያ በር ደረሱ። ሰርኬም እዚያው ቀሚስ ልታሳጥር ተቀምጣ ነበር።

«እኅቴ አልፊያ» አሉ፤ ከወይዘሮነት ወደ እኅትነት የተሸጋገሩት በዚህ ቀን ነው። «እውነቱን ይመስክሩልኝ። የሠራችሁት እናንተ ናችሁ።»

አልፊያ መኪናዋን አቆመች። «ከመሰከርንስ ደረጃው ምን ይሆናል?»

«ያው፣ የግለሰብ ሕገ ወጥ ግንባታ በሦስት ቀን ይፈርሳል።»

«የመንግሥት ከሆነስ?»

«የመንግሥትን ለማፍረስ በቅድሚያ ጥናት ያስፈልጋል።»

«ጥናቱስ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አለች ሰርኬ።

አቶ ገብረአምላክ ወደ ደረጃው ተመለከቱ። መልሱን ከእርሳቸው የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«እንግዲህ ጌታዬ» አለች አልፊያ፣ ክሯን በመርፌ እያስገባች፣ «እኛ ፈርመንበታል። የራሳችንን ፊርማ እንዴት ብለን እንጠርጥር?»

«ልጆች አሉኝ እኮ!»

«እኔም አሉኝ» አለች አልፊያ፤ መኪናዋንም መምታት ጀመረች።

«ሲወርዱ ቀስ ብለው» አለች ሰርኬ። «አራተኛው ድንጋይ ትንሽ ያዳልጣል። ለነገሩ የሠሩት እርስዎ ነዎት፣ ምን እነግርዎታለሁ።»

ውሳኔው በአንድ ገጽ ተጽፎ መጣ። ሰባት አባወራዎች ስድስት ወር ሙሉ ያለ መውረጃ ስለ መቆየታቸው በውሳኔው ውስጥ የተነሣ ነገር የለም፤ ተመርምሮ ጥፋት ሆኖ አልተገኘም። በአቶ ገብረአምላክ ላይ የተረጋገጠው ጥፋት፣ ነዋሪዎች ለጠየቁት ጥያቄ ደረጃ ሠርተው መገኘታቸው ነው። በዚህም ከኀላፊነታቸው ተነሥተው፣ የአንድ ወር ደመወዛቸው ተቆርጦ፣ በመዝገብ ቤት ዶሴ አቀባይ ሆነው ተመደቡ። ደረጃው ግን የመንግሥት ስለሆነ ጥናቱ እስኪያልቅ ባለበት እንዲቆይ ተወሰነ። የውሳኔው ግልባጭ ለሌሎች ሠራተኞች መማሪያ እንዲሆን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ሠራተኞቹም በሚገባ ተምረውበታል፤ ከዚያን ቀን ወዲህ በዚያ ጽሕፈት ቤት ለነዋሪ ብሎ አንዲት ድንጋይ ያነሣ የለም።