የማይተኛው ኮምፒውተር የተዘጋበት ዘመቻ

ክላውድ ኮምፒውተር በመሥሪያ ቤታችን በነገሠ በሁለተኛው ዓመት፣ በዘመነ ሰዓት ቆጣሪ፣ ወሩ በባተ በዘጠነኛው ቀን፣ የማተሚያ ወረቀት ጠባቂ፣ የጠፋ ቻርጀር መላሽ፣ የይለፍ ቃል ለረሱ ሁሉ መጠጊያ የሆኑት የንብረት ክፍሉ ጋሽ መነጽር ለዘመቻ ተነሡ።

ምክንያቱም ይህ ነው። ኮምፒውተሮቻችን ከጠረጴዛችን ተነሥተው በሩቅ ኩባንያ አዳራሽ ገብተው ነበርና፣ ለእኛ ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ቀርቶልን፣ ለመጠቀሚያ ፈቃዱ በነፍስ ወከፍ፣ ለሥራው በሰዓት እንከፍል ነበር። ሂሳቡ በየወሩ እየወፈረ ቢመጣ ሥራ አስኪያጁ አዋጅ አስነገሩ፦ «ሂሳቡ በዚህ ወር ካልወረደ አንድ ፈቃድ ይሰረዛል፤ የሚሰረዘውም የእትዬ ነው፤ ፈቃድ የሌለው ሥራ የለውም።» እትዬ ማለት ሃያ ሁለት ዓመት ደብዳቤያችንን ሁሉ የተየቡልን፣ ጡረታ ለመውጣት ሰባት ወር የቀራቸው ናቸው። አዘንን፤ እውነቱን ለመናገር ፈራንም፤ ከእሳቸው በቀር የሥራ አስኪያጁን የእጅ ጽሑፍ የሚያነብ የለምና።

ወእምዝ ጋሽ መነጽር፣ ማንም ፍጡር ያላነበበውን፣ ሁላችን ግን «አንብቤ ተስማምቻለሁ» ያልንበትን ባለ ስልሳ አራት ገጽ ውል ከፍተው፣ በሁለት መነጽር ሦስት ቀን ተዋጉት፤ በሠላሳ አንደኛውም ገጽ ስክሪን ማጥፋት ኮምፒውተሩን እንደማይዘጋው፣ ያልተዘጋውም ሁሉ ሰዓት ሲያስቆጥር እንደሚያድር አገኙ። እኛ ለካ ስክሪን እያጠፋን በኩራት ወደ ቤታችን ስንሄድ ኖረናል። ያን ጊዜ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ስክሪን ማጥፋት መዝጋት አይደለም። ሁሉም ዘግቶ ይውጣ፤ ያልዘጋውን እኔው እዘጋለሁ።»

አንዲት ገንዘብ ያዥ፣ ሁለት ሾፌሮችና ሥራ የፈታ አንድ የሽያጭ ሠራተኛ አስከትለው፣ በሥራ መውጫ ሰዓት ከክፍል ክፍል ዞሩ። ሁሉ ተዘጋ፤ ቆጣሪው ግን አልቆመም። የሂሳቡን ዝርዝር ቢመለከቱ፣ ከሁሉ ውድ የሆነው ኮምፒውተር ስምንት ወር ሙሉ ሳይዘጋ ቆይቷል። እርሱም የሥራ አስኪያጁ ነበረ፤ በላዩም ካልተጨረሰ የካርታ ጨዋታ በቀር አንዳች አልተገኘም።

ተከታዮቹ ሁሉ በድንገት ሥራ ትዝ አላቸው። ጋሽ መነጽር ብቻቸውን ቀሩ፤ በበሩ አሻግረው የእትዬን ወንበር አዩ፤ ኮምፒውተሩንም ዘጉት።

በወሩ መጨረሻ ሂሳቡ በግማሽ ወረደ፤ የእትዬም ፈቃድ ጸና። ሥራ አስኪያጁ ግን አራት ካርታ ብቻ የቀረው ጨዋታቸው እንደጠፋ አውቀው፣ በጋሽ መነጽር ላይ የስንብት ደብዳቤ በእጃቸው ጽፈው እንዲተየብ ለእትዬ ሰጡ። እትዬም በሃያ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጽሑፉ አልነበብ እንዳላቸው አስታውቀው መለሱት።

ስለዚህም የውል ፈቺው፣ የዘጊዎች አለቃ፣ የእትዬ ወንበር ጋሻ የሆኑት የጋሽ መነጽር ክብር ከውሉ ገጽ ይብዛ፤ ዕድሜያቸውም በሰዓት አይቆጠር።