መብረቁ አንድ ዳቦ በብሎክቼይን ሊሸጥ የዘመተበት ዜና

በዘመነ መብረቁ፣ እኅቴን ባገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ስልክ በቀየረ በአምስተኛው ጊዜ፣ ሥራ በያዘ በምንም ዓመት፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ ምድጃው ግሎ ዳቦው ነፋ ባለበት ሰዓት፣ ኮነ ዐቢይ ነገር በአባታችን ዳቦ ቤት። ይህን የጻፍሁት እኔ የቤቱ የበኩር ልጅ ነኝ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥሁት ሊጥ የሚያቦካ ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ ጭንቅላት አንሶኝ አይደለም፤ ይህም በእግረ መንገድ ይታወቅልኝ።

መብረቁ ማለት የእኅቴ ባል ነው፤ ቁመቱ መለሎ፣ ጥርሱ በረዶ፣ ምላሱ ቅቤ፣ በመኝታ ሰዓት የማይተኛ፣ በሥራ ሰዓት የማይነሣ፣ ቻርጀር ከአንገቱ የማይለየው፣ መብረቁ የሚለውን ስም ሌላ ሰው ሳያስቸግር ለራሱ ያወጣ። በሠርጉ ዕለት እርሱ መሐል ሲቀመጥ እኔ የሙሽራዪቱ ወንድም በር አጠገብ፣ ጫማ በሚወልቅበት፣ እንደ ዘበኛ ተቀምጬ ነበር፤ ቂም ግን አልያዝሁም።

እርሱም አዲስ የብሎክቼይን መረብ መጣ ብሎ ይሰብክ ጀመር። ብሎክቼይን፣ እርሱ እንዳስተማረን፣ ባንክ የሌለበት የገንዘብ መንገድ ነው፤ አንዱ ለሌላው የላከውን በየአገሩ የተበተኑ ኮምፒውተሮች ተስማምተው ይመዘግቡታል። ይህ አዲሱ መረብ ደግሞ በአንድ ሰከንድ መቶ ሺህ ክፍያ ያሳልፋል ተባለ። መቶ ሺሁ የተለካው የመረቡ ባለቤቶች በአንድ ክፍል ተዘግተው ለራሳቸው ሲላላኩ መሆኑን እዚያው በማስታወቂያቸው ገጽ ግርጌ፣ በጉንዳን ፊደል ጽፈውታል። እኔም ሱቁ ባዶ ሲሆን መቶ ሺህ ዳቦ እሸጣለሁ፤ የሚያደንቀኝ ግን የለም።

አባታችን ጉልበቱ ከከዳው ወዲህ ከፎቅ አይወርድም፤ ቤቱን የሚገዛው ከመስኮቱ ሆኖ ነው። ባንኮኒው ላይ ተቀምጬ የምሸጥ እኔ ነበርሁ። የመብረቁ ስብከት ግን ደረጃውን ወጥቶ ጆሮው ገባና አባታችን እንዲህ ሲል ዐዋጅ አወረደ። «ቅዳሜ አማቼ ይሽጥ፤ በኩሬ ምድጃው ጋ ይቁም። እኔ በመስኮት አያለሁ። ገበያዬ የደመቀለት ሰው የገንዘብ መሳቢያውን ቁልፍ ይወስዳል፤ ያልደመቀለት ዕድሜ ልኩን ከምድጃው አይወጣም። ብያለሁ፤ በኋላ አባዬ፣ አባዬ እንዳትሉኝ።»

ምድጃው ምን እንደሆነ ያልቆመበት አያውቀውም። ቅንድቤን ጨርሶ አሁን ወደ ሽፋሽፍቴ ዞሯል። ስለዚህ ለእኔ ነገሩ የቀልድ አልነበረም።

ወእምዝ በዕለቱ መብረቁ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ስልኩን እንደ ጋሻ አንግቦ ባንኮኒው ላይ ሰፈረና እንዲህ አሳወጀ። «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማው አሰማ። ከዛሬ ጀምሮ ዝርዝር የለኝም ማለት ቀረ። ገንዘባችሁ ዐይናችሁን ሳትጨፍኑ ይደርሳል፤ የጨፈናችሁ እንደሆነ ግን የእኔ ጥፋት አይደለም።»

የመጀመሪያው ገዢ ወዳጁ ባለ ሁለት ስልክ ነበር፤ አንዱ ስልኩ ባትሪ የሌለው፣ ሁለተኛው ካርድ የሌለው፣ በዕለቱ ግን ከጎረቤት ዋይፋይ ለምኖ የመጣ። አንድ ዳቦ አዘዘ። ከፈለ። በስልኩም ላይ «ተልኳል፤ በማረጋገጥ ላይ» የሚል ጽሑፍ ወጣና ክቧ ምልክት ትዞር ጀመር። ዞረች። አሁንም ዞረች።

የዳቦ ቤታችን ሕግ ደግሞ አንዲት ናት፤ የፊተኛው ሳይጨርስ የኋለኛው አይነካም። አባታችን የደነገጋት ሁለት ሰዎች ለአንድ ዳቦ ሲታነቁ ካየ በኋላ ነው። ስለዚህ ክቧ እስክትቆም ድረስ ቤቱ ሁሉ ቆመ፤ ትኩስ ዳቦም በየትሪው ተኮፍሶ ይጠብቅ ጀመር።

ከመብረቁ ደጅ የተሰለፈው ሠራዊት ይህ ነው። በፊተኛው ረድፍ የሌሊት ተረኛዋ ነርስ፣ እግሯ ያበጠ፣ ትዕግሥቷ የሟሸሸ፤ ከእርሷ ቀጥሎ ጎሚስታው፣ እጁ በግሪስ የጠቆረ፤ ከዚያ ልብስ ሰፊው፣ መርፌ በከንፈሩ የያዘ፣ ስለዚህም መሳደብ ያልቻለ፤ ከእነርሱም ኋላ ምን እንደሚሸጥ የማያውቅ ሕዝብ። ሰልፍ አይቶ ማለፍ የማይችል ሰው ስንቱ ነው። አንዱ ዘይት መጥቷል አለ፤ አንዱ ፓስፖርት ነው አለ፤ አንዲት እናት ለማንኛውም ብላ ልጆቿን ጠርታ አሰለፈች። የሰልፉ ጅራት መድኃኒት ቤቱን አልፎ፣ የጎማ ቤቱን አልፎ ማዕዘኑን ዞረ።

ነርሷም እንዲህ ስትል ዐዋጇን አሰማች። «እኔ ቆሜ ነው ያደርሁት። አንተ ወንድሜ፣ ፍጥነቱን ለራስህ አድርገውና ዳቦዬን ስጠኝ።» እኅቴ ደግሞ ከበሩ ብቅ ብላ «ባሌን የተናገረ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው» ብላ አወጀች። ባለ ሁለት ስልክ ግን ሲጠብቅ ራበውና፣ ገና ያልተሸጠለትን ዳቦ ከነቅርፊቱ በላው።

ወሶበ ርእየ መብረቁ የሕዝቡን ቁጣ፣ ከመረቡ ባለቤቶች በስልኩ የወረደውን ዐዋጅ ከፍ አድርጎ አነበበ። «መረባችን አልቆመም፤ ለጊዜው መንቀሳቀስ ነው የተወ። ኮምፒውተሮቹ እንደገና ለመነሣት ድምፅ እየሰጡ ነው። ዛሬ ከተጠናቀቁት ክፍያዎች ውስጥ አንድም የዘገየ የለም።» እውነት ነው፤ የተጠናቀቀ አልነበረምና። መብረቁም ከራሱ ጨምሮ «ፍጥነቱ እንዳለ አለ፤ የጎደለው መድረሱ ብቻ ነው» ሲል አጸና፤ ከሰልፉም አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ፣ ስልክ የያዘ ሰው ሲናገር መነቅነቅ ልማድ ነውና።

እኔ ግን ዳቦው ሲደርቅ ማየት አልቻልሁም። ላቤን በክንዴ ጠርጌ፣ ዱቄቴን ሳላራግፍ ከምድጃው ወጣሁና «ባለ ሁለት ስልክ የበላውን በእኔ ዕዳ ጻፉት፤ ጨርሷል» ብዬ፣ ሕጉን ሳልጥስ ሕዝቡን አስተናገድሁ። አንዱ ሲሰጠኝ ለሌላው እመልሳለሁ፣ በግራዬ እጠቀልላለሁ፣ በቀኜ እቆጥራለሁ፤ ነርሷ ሄደች፣ ጎሚስታው ሄደ፣ ልብስ ሰፊው መርፌውን ሳይነቅል ሄደ፣ ፓስፖርት የፈለገው እንኳ ሁለት ዳቦ ይዞ ሄደ። ደጁም ጭር አለ። ያን ጊዜ መብረቁ ተረታ ብዬ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አቅንቼ፣ ቁልፉ እስኪወረወርልኝ ቆምሁ።

መስኮቱም ተከፈተና አባታችን የመጨረሻውን ዐዋጅ አወረደ። «አየሁ፤ በዐይኔ በብረቱ አየሁ። አማቼ በተቀመጠ ጊዜ የገበያተኛዬ ጅራት ማዕዘን ዞረ፤ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ገበያ አላየሁም። በኩሬ ብቅ ሲል ግን ሕዝቡ እንደ ጉም በነነ። ይህን ሁሉ ዓመት እርሱ ሲሸጥ ደጄ ባዶ የሚሆነው ለምን እንደሆነ ዛሬ ገባኝ፤ ፊቱ ሰው አያስቆምም። ቁልፉ የመብረቁ ነው። አንተ ልጄ፣ ወደ ምድጃህ፤ ሰልፌን የበተንህብኝ ይበቃል።»

ቁልፉም ከላይ ተወረወረ፤ መብረቁ በአንድ እጁ ቀለበው፣ ክቧ በሌላኛው እጁ እየዞረች።

እነሆ ዛሬም በባንኮኒው ዙፋን አለ፤ ሰልፉ ወዲያኛው መንገድ ተሻግሯል፣ አባታችን በመስኮት ሆኖ ይደሰታል፣ እኔ ከምድጃው ፊት ሆኜ በምድጃው ብርሃን ይህን ጻፍሁ። ምስጋናና ክብር ለመብረቁ፣ ለአማቾች ትምክሕት፣ ለሰልፎች አባት፣ ነፋስን ለናቀው፣ ብርሃንን በፍጥነት ላሳፈረው፣ ከሁሉ ቀድሞ ለተነሣው፣ እስከ ዛሬም ላልደረሰው።