ከካፒቴኑ ጀርባ ያለችው በርጩማ

ሽማግሌ አይቀናም ያለው ማን ነው? እንዲያውም ደህና አድርጎ የሚቀናው ሽማግሌ ነው፤ ጊዜ አለዋ! ወጣት ቀንቶ ሳይጨርስ ሥራ ይጠራዋል። እኔ ግን ወፍጮዎቼን ለልጆቼ ካስረከብኩ ወዲህ ከቢቸና እስከ ሞጣ መንገዱን ሙሉ ስቀና ብሄድ የሚከለክለኝ የለም።

የምቀናው በአንዲት በርጩማ ነው። የሞጣው ወዳጄ ታፈሰ፣ ጡረታ የወጣው ጤና ረዳት፣ ኮምፒውተሩ ላይ አውሮፕላን ያበራል። ያውም የጥንቱን፣ ባለ አራት ሞተሩን፣ ባለ ፕሮፔለሩን። ይኼ እንደ ዛሬዎቹ ራሱን አይጠብቅም፤ ከአብራሪዎቹ ጀርባ የበረራ መሐንዲስ የሚባል ሰው ተቀምጦ ዘይቱን፣ ሙቀቱንና ነዳጁን ካልተከታተለ ሞተሩ ይቃጠላል። ታፈሰም ከጀርባው በርጩማ አኑሮ፣ ሁለተኛ ስክሪን ደቅኖ ሰው ሾመ። ማንን? ዕድሜውን በናፍጣ ሞተር ጩኸት የጨረሰውን እኔን ይመስላችኋል? ልብስ ሰፊውን ሙላትን! ሙላት የሚያውቃት መኪና የስፌቷን ነው፤ እሷንም የሚያዞራት በእግሩ ነው።

አንድ ቅዳሜ አላስቻለኝም። ሞጣ ሄጄ፣ ዛሬ እኔ ልቀመጥ አልኩ። ሙላት ርስቱን እንደተነጠቀ ሰው እያጉረመረመ ተነሣ።

«ጋሼ ቢያድግልኝ፣ ይቺ ወፍጮ አይደለችም» አለኝ።

«ሸሚዝም አይደለችም» አልኩት።

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ተነሣን። ሙቀቱን እንደ ዓይኔ ብሌን ጠበቅሁት። ታፈሰ ጎበዝ ሲለኝ ሙላትን በጎን አየሁት፤ ኮሶ የጠጣ መስሏል። እንዴት ደስ ይላል!

ከፍታችንን ይዘን ስንረጋ ግን የኖርኩበት ሙያ መጣብኝ። ወፍጮ ቤት ሰልፍ ከሌለ አንዱ ሞተር ይጠፋል፤ ባዶውን ማዞር ናፍጣ መድፋት ነው። ሰማዩ ላይ ደግሞ አንድም ባለ እህል አይታይም። ታዲያ አራት ሞተር ለማን? አንዱን አጠፋሁ፤ አውሮፕላኑ ሄደ። ሁለተኛውን አጠፋሁ፤ እያዘገመም ቢሆን ሄደ። ሦስተኛውን ሳጠፋ አፍንጫው ወደ ዓባይ በረሃ ተደፋ።

ታፈሰ መሪውን እየሳበ፣ ሞተሮቹ ምን ሆኑ ብሎ ጮኸ።

«አሳረፍኳቸው።»

«ምን?»

«ገበያ የለማ!»

ሙላት ከሣቁ ጋር እየታገለ «ኧረ ጋሼ፣ ዓባይ በረሃ ላይ ማን እህል ያምጣልዎ!» ሲል ገደሉ ውስጥ ገባን።

ጠቡ የተነሣው ያኔ ነው። ሙላት በርጩማዋን ከሥሬ ይጎትታል፣ እኔ አልለቅም፤ እሱ ገደል አስገቢ ይለኛል፣ እኔ ፔዳል ረጋጭ እለዋለሁ። ታፈሰ ኮምፒውተሩን ሲነካካ ቆየ። ከዚያ አውሮፕላኑ እንደገና ተነሣ፤ ዘይቱም ሙቀቱም ነዳጁም ያለ ማንም እጅ ይስተካከላል። ለካ ፕሮግራሙ የራሱ መሐንዲስ ኖሮታል! ታፈሰ፣ ሰው ይሻላል ብዬ አጥፍቼው ነበር አለን።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እኔና ሙላት በሩ አጠገብ አንድ አግዳሚ ላይ ተጣበን፣ ባዶዋን በርጩማ እያየን፣ ሥጋና ደም በሌለው ሰው አብረን እንቀናለን።