እትዬ እንፋሎት ሽፍታ ግሶችን በካውያ ያስገበሩበት ዘመን

ለአፍ ሁሉ ቋንቋ ያደለ፣ ዝም ላለውም ጆሮ ያልነፈገ አምላክ ይክበር ይመስገን። በዘመነ እንፋሎት፣ አሮጌው ካውያ የሙሽራ ቬሎ በማቃጠሉ ተሽሮ አዲሱ በነገሠ በሁለተኛው ዓመት፣ እመ ሸሚዝ ወንግሥተ ኮሌታ፣ የሽንሽን ቀሚስ ሁሉ ፈራጅ የሆኑት እትዬ እንፋሎት የስፓኒሽን ሰዋስው ወግተው ድል ያደረጉበትን ነገር፣ በዚያው ልብስ ንጽሕና ቤት ከመጋረጃው ማዶ ተቀምጠን ቁልፍ የምንተክል እኛ እንደ ሰማነው እንጽፋለን።

የጦርነቱ ሥር ድሮ በመጋረጃው በኩል የሰማነው፣ ግማሹንም እንፋሎት የበላብን ጨዋታ ነው። የእትዬ ባለቤት ጡረተኛው ሹፌር፣ መሪ ከለቀቁ ወዲህ መቀመጫ አልለቅ ስላሉ ጋሼ ወንበር የተባሉት፣ እትዬ ስፓኒሽ ልማር ማለታቸውን ሰምተው በደንበኞች ፊት እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ስሙ! አልሰማሁም እንዳትሉ! ይቺ ሴትዮ በዚህ ዕድሜዋ ስፓኒሽ ከቻለች፣ እኔም ካውያ ጨብጬ የገዛ...» ከዚህ በኋላ ሸሚዜን ይበሉ ኮሌታዬን፣ እንፋሎቱ ስለ ጮኸ አልለየንም። ደንበኞቹ ግን ሳቁ። እትዬም ካውያውን ጫን አሉት፤ ስለ እርሳቸው እርሱ እስስ አለ።

እትዬን ለዘመቻ ያስነሣቸው ምክንያትም ይህ ነበር። አንድ ልጃቸው ባሕር ማዶ አግብቶ ሴት ልጅ ወለደ፤ ሕፃኒቱም ከእናቷ ቋንቋ ከስፓኒሽ በቀር የምታውቀው የላትም። ቤታቸው ኔትወርክ ስለማይገባ እሁድ እሁድ ሁላችን በልብስ ቤቱ ስልኩን ከብበን ስንጠብቅ፣ እትዬ «የኔ ዓለም፣ ልሙትልሽ!» ሲሉ፣ ልጅቱ አንድ ጊዜ አይታ ወደ ድመቷ ትሮጣለች። አባቷ በመካከል ቆሞ ያስተረጉማል፤ ዳሩ ግን ፍቅር በአስተርጓሚ ሲሆን እንደ ቀዘቀዘ ካውያ ነው፣ ይነካል እንጂ አያቃናም። በኋላም ልጃቸው ከባሕር ማዶ አዋጅ ሰደደ፦ «እማዬ፣ ልጅቷ አልቀርብም አለች። ላስገድዳት አልፈልግም። የእሁዱን ጥሪ ለትንሽ ጊዜ ብንተወውስ?»

እትዬም ይህን በሰሙ ጊዜ አማተቡ፣ ስልካቸውን በልብስ መስቀያ ላይ ሰቀሉ፣ በስልኩ የሚያስተምረውን የስፓኒሽ መምህር ድምፅ በጆሯቸው ሻጡ፣ ካውያቸውንም አግለው ዘመቱ።

ወእምዝ፣ ሥርዓት አክባሪዎቹ ግሶች፣ መናገርና መብላት መኖርም፣ ከነጭፍሮቻቸው ያለ ውጊያ ገቡ። ሽፍቶቹ ግን አስቸገሩ። መሄድ የተባለው፣ ዛሬ አንድ መልክ ትናንት ሌላ መልክ ይዞ የሚዞር፣ ሦስት አንሶላ ሙሉ አስሮጣቸው። መሆንም ሴር እና ኤስታር የሚባሉ ሁለት ወንድማማች አልጋ ወራሾች ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱም ዙፋኑ የእኔ ነው ይላሉ። እትዬ ግን በብልሃታቸው ለግሶቹ ጊዜ ሁሉ በሸሚዙ ላይ ግዛት ሰጡ፤ የአሁኑን ጊዜ በኮሌታው፣ ያለፈውን በእጅጌው፣ የሚመጣውን ሰፊና ባዶ በሆነው ጀርባ፣ የምኞቱንም አነጋገር ጥንቃቄ በሚሻው በቁልፎቹ መካከል አሰፈሩ። እጅጌ ሲተኮስ ትናንት ይነገራል፤ ጀርባ ሲተኮስ ነገ። አጣፊዋ፣ አጣቢዋና ባለ ሞተሩ አመላላሽም ከኋላ እየተከተሉ እኔ፣ አንተ፣ እርሷ እያሉ ይዘምሩ ነበር። በዚህም ውጊያ አንድ የጠበቃ ሸሚዝ ብብቱን ተወግቶ ወደቀ። ጠበቃውም በመስኮቱ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «እትዬ፣ እኔ ሸሚዝ ሰጠሁ እንጂ መሥዋዕት አላቀረብሁም!»

ከዚያም እትዬ ለልጃቸው፣ «አንድ እሁድ ብቻ ስጠኝ፤ ከዚያ እንደ ፈቀድህ» ብለው ላኩበት።

ወበይእቲ ዕለት እኛ ጭፍሮቻቸው ታላቅ ስሕተት ሠራን። ክብር መስሎን የክት ቀሚሳቸውን አለበስናቸው፣ በደንበኛ ወንበር አስቀመጥናቸው፣ ካውያውንም «ዛሬስ ይረፉ» ብለን ነቀልነው። ልጅቱ በስልኩ ብቅ አለች። እትዬ እጃቸውን በጉልበታቸው አጣጥፈው አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንም አልወጣም። የገበሩት ግሶች ሁሉ ከድተው ጫካ ገቡ። ልጅቱ ፊቷን ወደ ድመቷ መለሰች። ጋሼ ወንበርም «አላልኩም?» ብለው አወጁ።

ያን ጊዜ አጣፊዋ ነገሩ ገብቷት፣ «እናንተ ጉዶች! እጃቸውን አስራችሁ በምን ይናገሩ? ሸሚዝ አምጡ!» ብላ ጮኸች። ካውያው ተሰካ፣ ከገመዱም የመጀመሪያው ሸሚዝ ተወረወረ። እንፋሎቱም እስስ ሲል ልጅቱ ከመንገድ ተመለሰች፤ በቋንቋዋም ያ የሚተነፍሰው ዘንዶ ነው ወይ ብላ ጠየቀች።

እትዬ ኮሌታውን እያቀኑ፣ ዘንዶ አይደለም፣ ካውያዬ ነው፣ ስሙም እንጀራዬ ነው ብለው በስፓኒሽ መለሱ። ወደ እጅጌው ሲሻገሩ ትናንት ተከፈተ፤ አባቷ ሕፃን ሳለ በቆሻሻ ልብስ ቅርጫት ውስጥ ተኝቶ ከሆቴል መጋረጃ ጋር ሊታጠብ ሲል ለጥቂት እንደ ተረፈ ተረኩላት። ልጅቱ እየሳቀች ወለሉ ላይ ተንከባለለች፤ ድመቷም ተረሳች። የማስተርጎም ሥራ ያጣው አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ የሆነውን እግዚአብሔር ያውቃል።

ጀርባው ላይ ሲደርሱ፣ እትዬ በሚመጣው እሁድ ትመጪያለሽ ወይ ብለው ጠየቁ። ልጅቱም አሰበች፣ በጣቷም ከኋላቸው ያለውን አሳየች፤ አዋጇንም እትዬ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ አስተረጎሙ፦ «እመጣለሁ። ግን ያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ለምን አይተኩስም? እሱም ይተኩስና ልየው!»

ሁላችን ዘወር አልን። ጋሼ ወንበር ግራ ቀኝ አዩ፤ መውጫው በእንፋሎት ተሸፍኗል። ከዚያም «እኔ ያልሁት ኮሌታዬን ነው!» አሉ፤ በዚህም እንፋሎት የበላብን የዚያ አዋጅ ጅራት በባለቤቱ አፍ ተመለሰልን።

ክብር ምስጋና በእጃቸው ለሚናገሩ ለእትዬ እንፋሎት ይሁን፤ ሽፍታ ግሶችን አስገብረዋል፣ እሁድንም ከመሻር አድነዋል። ጋሼ ወንበርም ከወንበራቸው ተነሥተው፣ በሚመጣው እሁድ በልጅ ልጃቸው ፊት ኮሌታቸውን፣ ልጅቱም አጥብቃ ስለ ለመነች አንድ እጅጌ ጨምረው፣ በገዛ እጃቸው ሊተኩሱ ተስማሙ።