ቆዳ የሌለው ከበሮ

እኛ የጋይንት ሰዎች ሕግ አንጥስም። ይጥሳሉ ብሎ የሚያማን ቢኖር አትመኑት። ሕግን እንዞረዋለን እንጂ አንጥሰውም፤ በዙሪያው ጠምዘዝ ያለች፣ እግር የለመዳት ቀጭን መንገድ ሁልጊዜ አለችን። በበዓል ቀን ማረስ ነውር ነው፤ በሬ የጠመደ ሰው «በረዶ ልታስመታን ነው» ተብሎ ከአገር ሰው ይጣላል። አጥር መጠጋገን ግን ሥራ አይደለም፣ እጅ ማፍታታት ነው። ከወንድሙ ተጣልቶ «ኸቤትህ ብገባ!» ብሎ የማለ ሰው እንኳ መላ አይታጣለትም። የወንድሙ ልጅ ስትዳር ደጅ ላይ ዳስ ይጣላል፤ ሰውዬው ዳሱ ውስጥ ተቀምጦ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይመርቃል፣ ሲበቃውም መሐላውን እንደያዘ በሰላም ይሄዳል። ዳስ ቤት አይደለማ! እናንተም እንዲህ ካለ አገር ብትበቅሉ፣ የተዘጋ በር ሲገጥማችሁ ከማንኳኳታችሁ በፊት ጓሮውን ዞር ብላችሁ ታያላችሁ።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ኦርጋኑ ልነግራችሁ ፈልጌ ነው።

ሚሌኒየሙ በገባበት ዓመት ንፋስ መውጫ ላይ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት የምሠራባት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። ደብረ ታቦር ሄጄ ኮምፒውተር ተምሬአለሁ፤ ሰርተፊኬቴም ለገባ ለወጣው እንዲታይ ከግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በከተማው ውስጥ ከሬዲዮ እስከ ሞባይል የተበላሸ ነገር ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል፤ እኔም «አላውቀውም» የምትል ቃል ከአፌ ወጥታ አታውቅም። ትምክህት አትበሉት። ሰው የተበላሸ ዕቃ ታቅፎ ሲመጣ የሚፈልገው መጀመሪያ ያልደነገጠ ፊት ማየት ነው፤ ጥገናው ከዚያ በኋላ ይደረስበታል። ይህን ሐኪሞችም ያውቁታል።

አባቴ ከሞተ ተዝካሩ ወጥቷል፣ ሙት ዓመቱም አልፏል። እናቴ ወይዘሮ ይታይሽ ግን ጥቁሯን አላወለቀችም። ጎረቤት ቢመክር፣ ዘመድ ቢለምን መልሷ «ተዉኝ» ብቻ ነው። ታናሽ እህቴ ደብሬ ታጭታ የሠርጉ ቀን ለጥር ሲቆረጥ እናቴ ፍርዷን ሰጠች፦ «ሠርጉ ይሁን፤ ድግሱም ይደገስ። ኸቤቴም ኸዳሴም ግን ከበሮ አይገባም።»

ከበሮ የሌለበት የሴት ልጅ ሠርግ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ካለ ላስረዳው። ከበሮ ከሌለ ዘፈን የለም። ዘፈን ከሌለ ሙሽራይቱ ከአባቷ ቤት በዝምታ ትወጣለች። እኛ አገር ሬሳ እንኳ በዝምታ አይወጣም። ደብሬ አንድም ቀን አላጉረመረመችም። አንድ ጧት ግን ሱቄ መጥታ ከበሩ ላይ ቆመችና፣ «እማን አስቀይሜ ዘፈን አልፈልግም። ግን ወንድምዓለም፣ አባባ ቢኖር ተሸፋፍኜ ዝም ብዬ እንድወጣ ይፈቅድ ነበር?» አለችኝ። ይህን ሰምቶ የሚተኛ ወንድም ካለ እኔ አይደለሁም።

ታዲያ መምህር ይርጋ የሚባል ጓደኛ አለኝ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል፣ ነፍሱ ግን ሙዚቃ ላይ ናት። አዲስ አበባ ያለው ወንድሙ ኦርጋን ልኮለት ነበር። ኦርጋን ስላችሁ የሙዚቃውን ኪቦርድ ነው፤ ይኸኛው ደግሞ የራሱ ድምፅ የሌለው ዓይነት ነው። ቁልፉን ስትጫኑት፣ የትኛው እንደተነካ በገመድ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል እንጂ ራሱ ትንፍሽ አይልም። ድምፁን የሚያወጣው ኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተሩም ዋሽንት ሁን ስትሉት ዋሽንት፣ ክራር ሁን ስትሉት ክራር፣ ከበሮ ሁን ስትሉት ደግሞ ከበሮ ይሆናል።

ጓሮው የታየኝ እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ በሥርዓት እንዲሄድ የንስሐ አባታችንን ቄስ ሞገስን ሱቄ ድረስ አመጣኋቸው። ቄስ ሞገስ ድጓ የዘለቁ፣ ነገርን ሳያላምጡ የማይውጡ ሰው ናቸው። ኦርጋኑን ከላይም ከታችም አገላብጠው አዩት።

«ቆዳ አለው?» አሉኝ።

«የለውም አባ።»

«የተፈለፈለ እንጨትስ?»

«እሱም የለውም።»

«ጠፍር?»

«ገመድ አለው፤ ግን የኤሌክትሪክ ነው።»

ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩ። «እንግዲያ ቆዳም፣ እንጨትም፣ ጠፍርም ከሌለው በምን ከበሮ ይሆናል? ከበሮ የሚመስል ድምፅ ነው እንጂ። እናትህ የከለከለችው ከበሮን ነው። ድምፅን አልከለከለችም» ብለው በየኑ። ለእናቴም ከእኔ ጋር ሄደው ራሳቸው አስረዱልኝ። ብያኔው እንዳልጣማት ፊቷ ቢናገርም የንስሐ አባት ቃል አይሻርምና «እንግዲህ እርስዎ ካሉ» አለች። ደብሬ ጓዳ ሆና ሰምታ ኖሮ፣ ስወጣ እየሳቀች አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እህቴ ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜ እንደሆነኝ ያኔ ገና አሰብሁት።

እነሆ ሥራ ጀመርሁ። ኮምፒውተሩን ከሱቄ አንስቼ ዳሱ ጥግ ከጠረጴዛ ላይ ተከልሁት። ኦርጋኑን በገመድ አገናኘሁ፤ ከኮምፒውተሩ የድምፅ መውጫ ደግሞ ሌላ ገመድ ስቤ ከተዋስነው ትልቅ ሞንታርቦ ጋር አሰርሁ። ድምፅ የለም። ኮምፒውተሩ «ኦርጋን የሚባል አላየሁም» ይላል። ሁለቱን የሚያስተዋውቀውን ፕሮግራም ጫንሁለት፤ አየው። አሁንም ድምፅ የለም። ለካ ድምፁን ወደ ሞንታርቦው መላኩን ትቶ በራሱ ትንሽ ማውጫ ያንሾካሹካል፤ አቅጣጫውን አስቀየርሁት። በመጨረሻ ድምፅ መጣ። ምን ያደርጋል፣ ሽንብራ ሲቆላ እንደሚንጣጣው ጠጠጠ ይላል።

ይህንንም ደረስሁበት። ኮምፒውተር ድምፅን እንዳገኘ አይለቅም፤ መጀመሪያ ጥቂት አጠራቅሞ ነው የሚያወጣው። ማጠራቀሚያው ካነሰ፣ እንደኔው ያለ ያረጀ ማሽን በጊዜ መሙላት ያቅተውና ድምፁ ይቆራረጣል። የማጠራቀሚያውን መጠን የምትወስን አንዲት ተንሸራታች ምልክት ስክሪኑ ላይ አለች፤ በስተግራ ትንሽ፣ በስተቀኝ ትልቅ። ወደ ቀኝ ገፋ አደረግኋት፤ መንጣጣቱ ቀነሰ። ጥቂት ጨመርሁላት፤ ጭራሹን ጠፋ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ያቆም ነበር። እኔ ግን የገበሬ ልጅ ነኝ። ጎተራ እያሠራ «ይብቃኝ፣ አታስፉት» የሚል ገበሬ የት አይታችኋል? እስከ ጥግ ወሰድኋት።

ከዚያ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ሙዚቃ ከፈትሁ። ጥርት፣ ኩልል ያለ ድምፅ ዳሱን ሞላው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሥራውን ትቶ መጣ። ይርጋ የፈተና ወረቀት ሲያርም ነበርና አልመጣም። ለምን ይምጣ? የጠራ ነገር ምኑ ይፈተናል?

የሠርጉ ዕለት ቀትር ላይ የሙሽራው ወገን ከእስቴ ገባ። ዳሱ ሞልቷል። እናቴ ጥቁሯን እንደለበሰች ከምሰሶው ሥር ከእኩዮቿ ጋር ተቀምጣለች። ደብሬ ተሸፍና ከሚዜዎቿ መሀል ሆና ትጠብቃለች። ዘፈን አውጪዋ የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ ተቀባዮቹ የሰፈሩ ልጃገረዶች በሙሉ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉት ዝግጁ ምቶች የፈረንጅ ሆነው ትከሻ ስለማያነቃንቁ፣ ይርጋ በግራ እጁ ከበሮውን፣ በቀኙ ዜማውን ሊጫወት ተዘጋጅቷል። በዓይኔ ምልክት ሰጠሁት።

ይርጋ ቁልፉን ተጫነ። ዝም። አልሠራም ብሎ ቀና ሊል ሲል፣ «ዱም!» አለ ከበሮው።

ሁለተኛውን ተጫነ። እንደገና ዝም፤ ከዚያ «ዱም!»

ጎተራው ሰፊ ነው አላልኋችሁም? ሰፊ ጎተራ እስኪሞላ ጊዜ ይወስዳል። ይርጋ ድምፁ ሳይመጣ ቀጣዩን መምታት ስላልቻለ ይጠብቃል። እኛ አገር ደግሞ ዘፈን የራሱ ጨዋነት አለው። አውጪ መሣሪያ የያዘውን ሰው አትቀድመውም፤ ተቀባይ አውጪዋን አይቀድማትም፤ አጨብጫቢ ተቀባዩን አይቀድምም። ይርጋ ኮምፒውተሩን ሲጠብቅ ልጅቷ ይርጋን ጠበቀች፣ ልጃገረዶቹ ልጅቷን ጠበቁ፣ ዳሱ ሙሉ ሰው ልጃገረዶቹን ጠበቀ። ሌላ አገር ቢሆን አንዱ ባለጌ ጥሶ ይሄድና ነገሩ ይስተካከል ነበር። እኛ ዘንድ ባለጌ ጠፋ። ዘፈኑ በየዙሩ እየተጎተተ፣ እየከበደ፣ ወደ ታች እየሰጠመ ሄደ።

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይባላል። ያልተያዘ ከበሮ ምን እንደሚያደርግ ግን ማንም አልተረተም።

መጀመሪያ የገባቸው አሮጊቶቹ ናቸው። ያንን ምት ሰውነታቸው ያውቀዋል። አንዷ ወገቧን ይዛ መወዛወዝ ጀመረች፤ ሌላዋ ጉንጯን በመዳፏ ደገፈች። ከኋላ አንዲት የአባቴ ዘመድ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሳታስበው የአባቴን ስም ጠርታ «ወይኔ ጋሻዬ!» አለች። በዚያ ላይ ይርጋ ግራ ገብቶት ዋሽንቱን አስገባበት። ሚዜዎቹ ኮፍያቸውን አወለቁ። የሙሽራው አባት ግራና ቀኛቸውን ተመለከቱና፣ በሠርጉ መሀል መርዶ የደረሰን መስሏቸው ወደኔ ጠጋ ብለው «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አሉኝ።

ወደ ደብሬ ለማየት ድፍረት አጣሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ዝምታን እሸሻለሁ ብዬ እህቴን በለቅሶ ልድራት ሆነ። ይርጋን አቁም ብለው ዝምታው ይመጣል፤ ቀጥል ብለው ሙሾው ይብሳል። ያን ጊዜ እናቴ ከምሰሶው ሥር ተነሣች።

ዳሱ ፀጥ አለ። ከበሮው ብቻ፣ እንደልማዱ ዘግይቶ፣ አንዲት የተረፈችውን «ዱም!» ለቀቀ። እናቴ ከመሀል ድረስ መጥታ ቆመች።

«ማን ሞተ?» አለች።

ይርጋ እጁን ከኦርጋኑ ላይ አነሣ።

«ማን ሞተ ብዬ ጠየቅሁ! ባሌ እንደሆን ሞቷል። አልቅሼለታለሁ፤ ተዝካሩን አብልቻለሁ። የእሱን ለቅሶ ኸኔ በላይ የሚያውቅ አለ? ዛሬ የምትወጣው ልጁ ናት፣ በደም በነፍስ ያለች! ምን አሟርታችሁ ነው በልጄ ሠርግ ሙሾ የምታወርዱት?» ነጠላዋን አገለደመችና ወደ ጎረቤቶቻችን ዞረች። «ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ? ከበሮ አምጡ!»

ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ከበሮው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ደረሰ። እናቴ ለአውጪዋ አልሰጠቻትም። ራሷ አንገቷ ላይ አጠለቀችው። ጥቁር ቀሚሷ ላይ ያረፈው ከበሮ ሲመታ እንባዋ ቁልቁል ይወርዳል፣ እጇ ግን አንድም ጊዜ አልሳተም፤ አንድም ጊዜ አልዘገየም። ደብሬ መሸፈኛዋን ገልጣ እናቷን አየች። ሙሽራ እንዲህ አታደርግም የሚል ሰው አልተገኘም። እኔም አለቀስሁ፤ ወንድ ልጅ በእህቱ ሠርግ ቢያለቅስ የሚጎድልበት ነገር የለም። ልጃገረዶቹ ተቀበሉ፣ እስቴዎቹም ገቡበት፣ የዳሱ ቅጠል እስኪረግፍ ተጨፈረ። እህቴ ከአባቷ ቤት እንዲያ ሆና ወጣች።

ቄስ ሞገስ ጠላቸውን እንደያዙ በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉ። «እኔ የፈቀድሁልህ ድምፁን ነበር። ለቅሶውን ማን ፈቀደልህ?» አሉኝ። እናቴ ግን በማግስቱ ጥቁሯን አጥባ፣ አጣጥፋ፣ ከሣጥን አስገባችው።

እኔ እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የሚጠይቀኝ ሁሉ ምን እንደምለው ትገምታላችሁ። ዘመድ ለምኖ፣ ጎረቤት መክሮ ያልሆነውን ነገር አንድ ኮምፒውተርና አንድ ኦርጋን በአንድ ዘፈን አላደረጉትም? ሥራ በውጤቱ ነው የሚመዘነው። ለክብሬ ያህል ግን ያችን ተንሸራታች ምልክት ወደ ግራ መልሼ፣ ድምፁ ሳይንጣጣም ሳይዘገይም የሚወጣበትን ልክ አገኘሁለት። ይርጋ ነካ ሲያደርገው ወዲያው እሺ ይላል። በአገሩ ላይ እንደኔ አድርጎ ያስተካከለ የለም ብዬ በየቡና ቤቱ አወራሁ።

ሰንበት ብሎ አንድ ሰው ከወገዳ በጧቱ መኪና መጣ። ጫማው አቧራ ለብሷል። ልጁን ሊድር ነው፤ ሚስቱ በወንድሟ ሐዘን ጥቁር ለብሳ ዘፈን ከልክላለች።

«ያን ኦርጋን ፈልጌ ነው» አለኝ።

«በደህና ቀን መጣህ፤ አሁን አስተካክዬዋለሁ» አልሁትና ነካ አድርጌ አሰማሁት። ዱም ዱም፣ ወዲያው ወዲያው።

የሰውዬው ፊት ጠቆረ። «ምነው ወንድሜ፣» አለኝ፣ «ደህናውን ዕቃ ማን አበላሽ አለህ?»

ደንበኛ ንጉሥ ነው። ምልክቷን ይዤ እንደገና እስከ ቀኝ ጥግ ወሰድሁለት፤ ሰርተፊኬቴን በጀርባዬ ጋርጄ። ሲሄድ ግን አንድ ምክር ከበር መልሼ ሰጠሁት፦ ከበሮ ያለው ጎረቤት የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ እንዲያጠያይቅ።